ሳያነጋግሩ ማመን፤ አንጎል የእንግዳን ሰው ታማኝነት የሚገምትበት መንገድ

የማያውቁትን ሰው ፊት አይቶ «ይህስ ይታመናል» ወይም «ይሄ ሰው አላማረኝም» ለማለት አንጎል ከሰከንድ አንድ አስረኛ የበለጠ ጊዜ አያስፈልገውም። ይህን በሙከራ ያሳዩት በአሜሪካው ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ጃኒን ዊሊስና ትውልደ ቡልጋሪያዊው አሌክሳንደር ቶዶሮቭ ናቸው፤ ውጤታቸውም በ2006 ታተመ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለተሳታፊዎች የማያውቋቸውን ሰዎች ፎቶግራፍ ለ100፣ ለ500 ወይም ለ1,000 ሚሊሰከንድ ብቻ እያሳዩ ስለ ሰዎቹ ታማኝነት፣ ችሎታ፣ ተወዳጅነት፣ መልከ መልካምነትና ጠበኝነት ጠየቋቸው። ሌሎች ሰዎች ደግሞ እነዚያኑ ፎቶዎች የፈለጉትን ያህል ጊዜ ወስደው እንዲመዝኑ ተደረገ። በጥድፊያ የተሰጠው ግምት ተረጋግቶ ከተሰጠው ጋር በእጅጉ ተመሳሰለ፤ ከአምስቱ ባሕርያት መካከል መመሳሰሉ ከሁሉ የጎላው ደግሞ በታማኝነት ላይ ነበር። ተጨማሪ ጊዜ ሲሰጥ በአመዛኙ ያደገው የተመልካቹ ልበ ሙሉነት እንጂ ግምቱ ብዙም አልተለወጠም። ቶዶሮቭና ባልደረቦቹ በ2009 ጊዜውን ወደ 33 ሚሊሰከንድ ሲያወርዱት እንኳ ግምቱ በአጋጣሚ ከሚገኘው የተሻለ ነበር፤ ከ167 ሚሊሰከንድ ወዲያ ደግሞ ጊዜ መጨመሩ የፈየደው ነገር አልነበረም።

ስለ አንድ ሰው ብዙ ነገር መገመት እየተቻለ አንጎል ታማኝነትን የሚያስቀድመው ያለ ምክንያት አይደለም። ከፊት ለፊት የመጣው ሰው ብልህ ይሁን ሰነፍ፣ ሀብታም ይሁን ድሃ ቆይቶም ይታወቃል። ለመርዳት ይሁን ለመጉዳት መምጣቱ ግን ዘግይተው ከደረሱበት ዋጋ የሚያስከፍል ነገር ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሰው ስለ ሰው የሚይዘው ግምት በሁለት ጥያቄዎች ላይ እንደሚቆም ደጋግመው አሳይተዋል። የመጀመሪያው የሰውየው ሐሳብ ደግ ነው ወይስ ክፉ የሚል ሲሆን ሁለተኛው ያሰበውን ለመፈጸም አቅሙ አለው ወይ የሚል ነው። ሰለሞን አሽ ገና በ1946 ባቀረበው ታዋቂ ሙከራ የአንድን ሰው ባሕርያት ዝርዝር ለሁለት ቡድኖች አነበበ። ሰውየው ብልህ፣ ታታሪና ጥንቁቅ መሆኑ ለሁለቱም ተነገረ፤ ልዩነቱ ለአንደኛው ቡድን ለሰው ቅርብ ነው መባሉ፣ ለሌላው ደግሞ ቀዝቃዛ ነው መባሉ ብቻ ነበር። በዚያች አንዲት ቃል ምክንያት የመጀመሪያው ቡድን ቸርና ተጫዋች ሰው በሐሳቡ ሲስል፣ ሁለተኛው ያንኑ ብልህና ታታሪ ሰው ራሱን ወዳድ አድርጎ ሳለው።

ፊት እንደማንኛውም የሚታይ ነገር በዓይን ገብቶ በአንጎል የኋላ ክፍል ወዳለው የእይታ ማዕከል ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ግን የራሱን መንገድ ይይዛል። በአንጎል ሥረኛ ገጽ ላይ ከዕቃና ከቤት ይልቅ ለሰው ፊት አብልጦ የሚነቃ አካባቢ አለ፤ ናንሲ ካንዊሸርና ባልደረቦቿ በ1997 በዝርዝር የገለጹት ይህ ቦታ ፊዩዚፎርም የፊት አካባቢ ይባላል። ከእሱ ከፍ ብሎ ያለ ሌላ ክፍል የሚለዋወጠውን ይከታተላል፤ ዓይን ወዴት እንደዞረ፣ ከንፈር እንዴት እንደተንቀሳቀሰ። ይህ ሁሉ ገና ማየት ነው። ወደ ፍርዱ ሲመጣ ስሟ ደጋግሞ የሚነሳው አሚግዳላ ናት። በግራና በቀኝ፣ ከጆሮ ወደ ውስጥ ገባ ብላ የምትገኝ፣ ቅርጿ ለውዝ የሚመስል ትንሽ የነርቭ ሕዋሳት ስብስብ ነች። ለሕይወት የሚያሰጋም ሆነ የሚበጅ ነገር ሲመጣ የቀረውን አንጎል ቀድማ ታነቃለች።

የአሚግዳላ ድርሻ ጎልቶ የታየው እሷን ባጡ ሰዎች ላይ ነው። ራልፍ አዶልፍስ፣ ዳንኤል ትራኔልና አንቶኒዮ ዳማሲዮ በአሜሪካዋ አዮዋ ግዛት ያካሄዱትና በ1998 የታተመው ጥናት፣ የሁለቱም ወገን አሚግዳላቸው ሙሉ በሙሉ የተጎዳ ሦስት ሰዎችን መርምሯል። የማያውቋቸውን ሰዎች ፎቶ እያዩ እነዚህን ሰዎች መንገድ ላይ ቀርበው ያነጋግሯቸው እንደሆነ፣ ያምኗቸው እንደሆነም ተጠየቁ። ሌላው ሰው ሁሉ የሚሸሻቸውን ፊቶች ሦስቱ ታካሚዎች ደህና አድርገው መዘኗቸው። ማመዛዘን አቅቷቸው አልነበረም፤ የሰዎች ጠባይ በቃል ሲነገራቸው ደጉን ከክፉው እንደማንኛውም ሰው ይለዩ ነበር። የጠፋው መልክን ብቻ አይቶ የሚነሳው ጥርጣሬ ነው።

ከሦስቱ አንዷ በምርምር ጽሑፎች ኤስ.ኤም. በሚል መለያ የምትታወቅ ሴት ነች። ኡርባክ-ቪተ የተባለ ብዙም የማይገኝ ሕመም ሁለቱንም አሚግዳላዎቿን አጥፍቶባታል። በ2009 በታተመ ሌላ ጥናት ወደማታውቀው ሰው እየተራመደች እንዳይከብዳት በምትለው ርቀት ላይ እንድትቆም ስትጠየቅ የቆመችው በአማካይ 34 ሴንቲሜትር ላይ ነበር፤ ሌሎቹ ተሳታፊዎች ግን በአማካይ 76 ሴንቲሜትር ላይ ቆመዋል። ይህች ሴት በሕይወቷ ቢላ ተደቅኖባት፣ ሽጉጥም ተደቅኖባት ያውቃል። ያጠኗት ሊቃውንት ለዚህ አንዱ ምክንያት አደጋን ቀድማ አለማወቋ ነው ይላሉ፤ የኖረችበት ድሃና ወንጀል የበዛበት ሰፈርም መረሳት የለበትም።

ጤነኛ አንጎል በኤምአርአይ መሣሪያ ሲታይም ተመሳሳይ ነገር ይገኛል። የለንደኑ ጆኤል ዊንስተንና ባልደረቦቹ በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ተሳታፊዎች ፎቶ እያዩ ሰውየው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው ወይስ የዩኒቨርሲቲ ብለው ዕድሜ እንዲገምቱ ተጠየቁ። ስለ ታማኝነት ማንም አላነሳም። አሚግዳላቸው ግን እምነት የማይጣልበት የሚመስል ፊት በመጣ ቁጥር ይበልጥ ትነቃ ነበር። ጥያቄው ባይቀርብም መልሱ ይዘጋጃል ማለት ነው። በ2014 ጆናታን ፍሪማንና ባልደረቦቹ ከዚህ አለፉ። ፊቶቹን ለ33 ሚሊሰከንድ ብቻ አሳይተው ወዲያው በሌላ ምስል ሸፈኗቸው፤ ተመልካቾቹ ፊት ማየታቸውን እንኳ ልብ አላሉም። አሚግዳላ ግን የሚታመን መልክ ያለውን ከማይታመነው ለይታ ምላሽ ሰጠች።

ብዙ ሰው አሚግዳላን የፍርሃት ማዕከል ብቻ አድርጎ ያስባል። ይህ ሥዕል ጎደሎ ነው። የኋለኞቹ ጥናቶች እንዳሳዩት በጣም የሚያስጠረጥር ፊትም ሆነ በጣም የሚታመን መስሎ የሚታይ ፊት ይቀሰቅሳታል፤ ቀዝቀዝ የምትለው መካከለኛ የሆነው፣ ይህም ያም የማይባለው ፊት ሲመጣ ነው። ከዚህም የሚገርመው በ2007 አንድሪው ኤንጀል፣ ጄምስ ሃክስቢና ቶዶሮቭ ያገኙት ውጤት ነው። የአንድ ሰው አሚግዳላ ምላሽ ከሰውየው ከራሱ ግምት ይልቅ ብዙ ሰዎች ስለዚያ ፊት ከተስማሙበት ግምት ጋር አብልጦ ይሄዳል። «እኔ በዓይኔ ሰው አውቃለሁ» የሚል ሰው የግሉ የመሰለው ስሜት፣ ቢያንስ በመጀመሪያው ቅጽበት፣ ሁሉም የሚጋራው ስሜት ነው።

ታዲያ አንጎል ከፊት ላይ የሚያነበው ምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ የመጣው ከኮምፒውተር ነው። ኒኮላስ ኦስተርሆፍና ቶዶሮቭ በ2008 ባሳተሙት ሥራ በኮምፒውተር የተፈጠሩ ፊቶችን ለሰዎች አስመዝነው፣ ከተሰበሰበው ፍርድ የታማኝነትን መልክ የሚያሳይ ሒሳባዊ ሞዴል ሠሩ። ሞዴሉ አንድን ፊት ወስዶ ታማኝ መምሰሉን ደረጃ በደረጃ መጨመርና መቀነስ ይችላል። የሚታመነው ወገን እየተጋነነ ሲሄድ ፊቱ ፈገግ ማለት ጀመረ፤ የከንፈሩ ጫፎች ወደ ላይ ወጡ፣ ቅንድቦቹ በመካከል ከፍ አሉ። የማይታመነው ወገን ሲጋነን ደግሞ ከንፈሩ ወደ ታች ወርዶ ግንባሩ ተቋጠረ፤ የተቆጣ ሰው ፊት ሆነ። ከመነሻው ግን ፊቶቹ ሁሉ ስሜት የማይታይባቸው ተብለው የተመረጡ ነበሩ።

አንድ ሰው ሲፈጠር የከንፈሩ ጫፍ ዝቅ ያለ፣ ቅንድቡም ለዓይኑ የቀረበ ከሆነ፣ ዝም ብሎ ተቀምጦ እንኳ የተቆጣ ይመስላል። አንጎል ቁጣን ለመለየት ያዳበረውን ችሎታ ሰውየው ባልተቆጣበት ጊዜም ይሠራበታል፤ የደቂቃ ስሜትን የሚያነብበትን ዓይን የዕድሜ ልክ ጠባይ ለማንበብ ያውለዋል። ከተቆጣ ሰው መራቅ ብልህነት በመሆኑ ስሌቱ በመሠረቱ ከንቱ አይደለም። ስሕተቱ የአጥንት ቅርጽን እንደ ስሜት መቁጠሩ ላይ ነው። የዚያው ሞዴል ሁለተኛ መስመር የበላይነት ወይም ኃይለኝነት ነው፤ ሰፊ አገጭና የጎለመሰ የወንድ መልክ ያለው ፊት ኃይለኛ ይመስላል። ኃይለኛም የማይታመንም የሚመስል ፊት ደግሞ አስጊ ሆኖ ይታያል። ከ41 አገሮች የተውጣጡ ከ11,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበትና በ2021 የታተመ ሰፊ ጥናት እነዚህን ሁለት መስመሮች በብዙ የዓለም ክፍሎች አግኝቷቸዋል፤ መረጃው በሌላ የስሌት ዘዴ ሲተነተን ግን ከአካባቢ አካባቢ የሚለዩ ነገሮች ብቅ ብለዋል።

ስሜት ብቻ አይደለም የሚነበበው፤ መላመድም አለ። ካርሜል ሶፈርና ሌሎች ተመራማሪዎች በ2015 እንዳሳዩት ከሁሉ ይልቅ የሚታመነው በጣም የተዋበው ሳይሆን የተለመደው፣ ለአማካዩ የቀረበው ፊት ነው። ቆየት ብለው በእስራኤልና በጃፓን ባደረጉት ጥናት ደግሞ የእያንዳንዱ አገር ሰዎች በአገራቸው የተለመደውን ዓይነት ፊት ይበልጥ ታማኝ አድርገው መዝነዋል። መልኩ በብዛት በማይታይበት አገር የሚኖር ሰው፣ በሥደትም ይሁን በሥራ፣ አንድም ቃል ሳይናገር ከሌላው ዝቅ ብሎ ሊጀምር ይችላል ማለት ነው። ይህ ከግልጽ የዘር ጥላቻ የተለየ ነገር ቢሆንም ለጥላቻው ለም መሬት መሆኑ አይቀርም።

የግል ታሪክም የራሱን ያዋጣል። ኦሪዬል ፌልድማንሆልና ባልደረቦቿ በ2018 ባሳተሙት ሙከራ ተሳታፊዎች ከሦስት ሰዎች ጋር የገንዘብ ጨዋታ ተጫወቱ፤ አንደኛው ታማኝ፣ ሁለተኛው መካከለኛ፣ ሦስተኛው ከሃዲ ነበር። በኋላ አዳዲስ የጨዋታ ጓደኞች እንዲመርጡ ሲደረግ የቀረቡላቸው ፊቶች ሳያውቁት ከቀድሞዎቹ ፊቶች ጋር በኮምፒውተር የተቀላቀሉ ነበሩ። ታማኙን የሚመስለውን መረጡ፣ ከሃዲውን የሚመስለውን ሸሹ። ከሃዲውን በጥቂቱ ብቻ የሚመስል እንኳ ተሸሸ፤ ጥርጣሬ ከእምነት ይልቅ ሰፋ ብሎ ይዛመታል። ከአንድ ሺህ በላይ መንትያዎችን ይዞ በ2020 የታተመ ጥናትም ወደዚሁ ያመለክታል። ሰዎች ስለ አንድ ፊት የሚለያዩበት ምክንያት በአብዛኛው ከዘር ውርስ ወይም ከአንድ ቤት ማደግ ሳይሆን እያንዳንዱ በግሉ ካሳለፈው ሕይወት የሚመጣ ሆኖ ተገኝቷል። በአንድ ቤት ያደጉ መንትዮች አንዱን እንግዳ አንዱ ሲያምነው ሌላው ቢጠረጥረው አያስገርምም።

ድምፅም እንደ ፊት ይመዘናል። በግላስጎው ፊል ማክአሊርና ባልደረቦቹ የ64 ሰዎችን ድምፅ ቀርጸው ለ320 አድማጮች አሰሙ፤ የተሰማው ቃል «ሄሎ» ብቻ ነበር፣ ከግማሽ ሰከንድ ያነሰ። አድማጮቹ ማን እንደሚታመን በሰፊው ተስማሙ። ስልክ ያነሳ ሰው ገና ስሙን ሳይናገር ግምት ተሰጥቶታል።

ይህ ዝንባሌ የሚጀምረው በልጅነት ነው። በ2014 በታተመ የሃርቫርድና የፕሪንስተን ተመራማሪዎች ጥናት የሦስትና የአራት ዓመት ሕፃናት ማን «ደግ»፣ ማን «ክፉ» እንደሚመስል ሲጠየቁ መልሳቸው ከአዋቂዎች ጋር ይቀራረብ ነበር። በጀርመን ላይፕዚግ ከተማ ደግሞ የሰባት ወር ጨቅላዎች የሚታመን መልክ ያለውን ፊት ከማይታመነው በእይታም በአንጎል ሞገድም ሲለዩ ታይተዋል። የዕድሜ ልክ ልምድ የሰውን ፊት ማንበብ ያስተምራል የሚለው እምነት እዚህ ላይ ይፈተናል፤ የሰባት ወር ልጅ ስንት ሰው ከድቶት ነው?

ብዙ ሰው ስለ አንድ ፊት መስማማቱ ግምቱ ትክክል ለመሆኑ ብዙ ጊዜ እንደ ማስረጃ ተወስዷል። የዙሪኩ ሰባኪ ዮሐን ካስፐር ላቫተር ከ1775 እስከ 1778 ባሳተማቸው ጥራዞች የሰው ጠባይ ከአፍንጫው፣ ከግንባሩና ከአገጩ ይነበባል ብሎ አስተማረ፤ መጻሕፍቱም በመላው አውሮፓ ተስፋፉ። ቻርልስ ዳርዊን በ1831 ቢግል በተባለችው መርከብ ለመጓዝ በቀረበ ጊዜ የመርከቧ አዛዥ ሮበርት ፊትዝሮይ የላቫተር ተከታይ ነበርና፣ የዳርዊን አፍንጫ ቅርጽ የብርቱ ሰው አይደለም ብሎ ሊያስቀረው ተቃርቦ እንደነበር ዳርዊን ራሱ በግለ ታሪኩ ጽፎታል። የዝግመተ ለውጥ ሐሳብ የተጸነሰበት ጉዞ በአፍንጫ ምክንያት ሊቀር ነበር። ጣሊያናዊው ቼዛሬ ሎምብሮዞ በ1876 ወንጀለኛ ሆኖ የተወለደ ሰው በመንጋጋውና በጆሮው ይታወቃል የሚለውን መጽሐፉን አሳተመ። በዚያው ዘመን እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን የወንጀለኛን መልክ ለማግኘት የእስረኞችን ፎቶ አንዱን በአንዱ ላይ ደራርቦ አተመ። የወጣለት ምስል ካሰበው ተቃራኒ ነበር፤ የእያንዳንዱ ሰው ክፉ የመሰለ ምልክት ጠፍቶ ደህና፣ የተለመደ የሰው ፊት ቀረ።

ፊት በእርግጥ ጠባይን ያሳያል ወይ የሚለው ጥያቄ ዛሬ በጥንቃቄ ተፈትኗል። ኒኮላስ ሩልና ባልደረቦቹ በ2013 ባሳተሙት ተከታታይ ጥናት በማጭበርበር የተፈረደባቸውን የኩባንያ ኃላፊዎች ወንጀል ከሌለባቸው አቻዎቻቸው ጋር፣ የጦር ወንጀለኞችንም ከጦር ጀግኖች ጋር አቅርበው ፎቷቸውን አስመዘኑ። መዛኞቹ እርስ በርሳቸው ተስማሙ፤ ወንጀለኛውን ከንጹሑ ግን አልለዩም። ቀጥሎ ተማሪዎች ፈተና ላይ እንዲኮርጁ የሚፈታተን ሁኔታ ተዘጋጀና የኮረጁትም ያልኮረጁትም ፎቶ ቀረበ። የተመልካቾቹ አሚግዳላ እንደተለመደው ታማኝ ለመሰለውና ላልመሰለው ፊት የተለያየ ምላሽ ሰጠች፤ ማን በእርግጥ እንደኮረጀ ግን ከምላሿ ምንም አልተገኘም። በሌላ በኩል በፊትና በጠባይ መካከል ጥቂት ዝምድና አገኘን ያሉ ተመራማሪዎች አሉ። እነሱ የሚሉት ዝምድና ግን ቢኖር እንኳ ሰው በግምቱ ከሚተማመነው ልክ በጣም ያነሰ ነው። ውሸትን በመለየትም ነገሩ ከዚህ አይሻልም። ቻርልስ ቦንድና ቤላ ዴፓውሎ በ2006 ብዙ ጥናቶችን አሰባስበው ሲያሰሉ፣ ሰው እውነት የሚናገረውን ከሚዋሸው የሚለየው በአማካይ ከመቶ 54 ጊዜ ያህል ሆኖ አገኙት። ሳንቲም ወርውሮ የሚገምት ሰው ሃምሳውን ያገኛል።

የአንድ ሰው «መልክ» ራሱ አንድ አይደለም። ቶዶሮቭና ጄኒ ፖርተር በ2014 የአንድን ሰው የተለያዩ ፎቶዎች ለየብቻ ሲያስመዝኑ ግምቶቹ ከፎቶ ፎቶ ተለያዩ፤ ልዩነቱም በሁለት የተለያዩ ሰዎች መካከል ከሚታየው የሚወዳደር ነበር። የብርሃን አቅጣጫ፣ የአንገት ዘንበል ማለት፣ የዚያ ሰዓት ድካም ሁሉ ይገባበታል። በጉርድ ፎቶ ላይ ቀና ብሎ በኮስታራ ፊት የሚታየው ሰውና በሠርግ ፎቶ ላይ የሚስቀው ሰው ሁለት የተለያየ ፍርድ ይቀበላሉ።

ግምቱ ስሑት ቢሆንም መዘዙ እውነተኛ ነው። ቶዶሮቭና ባልደረቦቹ በ2005 የአሜሪካ የሴኔት ተወዳዳሪዎችን ፎቶ ለማያውቋቸው ሰዎች ለአንድ ሰከንድ ብቻ አሳይተው ማን ብቁ እንደሚመስል ጠየቁ። ብቁ የመሰለው ሰው ሰባ በመቶ ያህሉን ውድድር ያሸነፈው ሆኖ ተገኘ። ጆን አንቶናኪስና ኦላፍ ዳልጋስ በ2009 ከዚያ የባሰ ነገር አመጡ። ከ5 እስከ 13 ዓመት የሆናቸውን የስዊዘርላንድ ልጆች የመርከብ ጉዞ ጨዋታ አስጫውተው፣ ከሁለት ፎቶዎች የመርከባቸውን ካፒቴን እንዲመርጡ አደረጉ። ፎቶዎቹ የፈረንሳይ ምክር ቤት ዕጩዎች ነበሩ። ልጆቹ ሰባ በመቶ ገደማ የሚሆነውን ጊዜ የመረጡት በእውነተኛው ምርጫ ያሸነፈውን ሰው ነበር። እነዚህ ሁለት ጥናቶች የለኩት ብቃትን እንጂ ታማኝነትን አይደለም፤ መንገዱ ግን አንድ ነው። ብቁ መምሰል ብቻውን አሸነፈ ማለትም አይደለም፤ ተወዳዳሪውን በቅርብ ለማያውቅ መራጭ ግን ፊት ክፍተቱን ይሞላል።

በፍርድ ቤት ውጤቱ ከዚህ የከፋ ነው። ጆን ፖል ዊልሰንና ኒኮላስ ሩል በ2015 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት በነፍስ ግድያ የተፈረደባቸውን ሰዎች ፎቶ አስመዘኑ፤ 371 ሞት የተፈረደባቸው፣ 371 ደግሞ የዕድሜ ልክ እስራት የተፈረደባቸው ነበሩ። መዛኞቹ የምን ፎቶ እንደሆነ አያውቁም። ፊታቸው የማይታመን መስሎ የታየ ሰዎች ሞት የተፈረደባቸው የመሆን ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ ምናልባት ፊታቸው የወንጀላቸውን ክብደት ያሳይ ይሆናል የሚለውን ጥርጣሬ ለመፈተን፣ ተፈርዶባቸው በኋላ ንጹሕ መሆናቸው ተረጋግጦ የተለቀቁ ሰዎችን ለብቻ ወሰዱ። በእነዚህም ዘንድ ሞት የተፈረደባቸው ከሌሎቹ ይልቅ የማይታመን መልክ ያላቸው ነበሩ። ወንጀሉ ስላልነበረ ፊት ሊያሳየው የሚችለው የወንጀል ክብደት አልነበረም።

የመጀመሪያው ግምት ግን በድንጋይ ላይ የተቀረጸ አይደለም። ተመራማሪዎች ይህን የሚያጠኑት በአብዛኛው «የእምነት ጨዋታ» በተባለ ዘዴ ነው፤ ጆይስ በርግና ባልደረቦቿ በ1995 ያስተዋወቁት ነው። አንዱ ተጫዋች ካለው ገንዘብ የፈለገውን ያህል ለማያውቀው ሰው ይልካል፣ የተላከው ሦስት እጥፍ ይሆናል፣ ተቀባዩ ደግሞ ወዶ ይመልሳል ወይም ያስቀራል። በመጀመሪያው ዙር ታማኝ ፊት ያለው ሰው ብዙ ይላክለታል። ዙሩ ሲደጋገም ግን የሚመልሰውና የሚያስቀረው ይለያል፤ ኮዴት የተባለው ጥልቅ የአንጎል ክፍል ሽልማትንና ቅሬታን እየመዘገበ ግምቱን ያስተካክላል።

አንዳንድ ጊዜ ይህ መዝገብ ይሳሳታል። ሞሪሲዮ ዴልጋዶ፣ ሮበርት ፍራንክና ኤሊዛቤት ፌልፕስ በ2005 ለተጫዋቾች ስለ ጓደኞቻቸው ታሪክ ሰጧቸው፤ አንዱ በጎ አድራጊ፣ አንዱ ተራ ሰው፣ አንዱ ደግሞ አጠራጣሪ ነው ተባለ። ሦስቱም ገንዘብ የሚመልሱት በእኩል መጠን ነበር። ተጫዋቾቹ ግን ለበጎው ሰው መላካቸውን ቀጠሉ፤ ኮዴታቸውም ስለ ተራው ሰው የሚመጣውን ውጤት በደንብ ስትለይ፣ አስቀድሞ ስሙ በተነሳው ሰው ላይ ግን መለየቷ ደከመ። አስቀድሞ የተወራ ስም በዓይን የታየን ድርጊት ይጋርዳል።

ግምትን በአንድ ጊዜ የሚገለብጠው አዲስ መረጃ ብቻ ሳይሆን የቀድሞውን መረጃ ትርጉም የሚለውጥ ነገር ነው። ቶማስ ማንና ሜሊሳ ፈርጉሰን በ2015 ለተሳታፊዎች የጎረቤቶቹን ቤት ሰብሮ ገብቶ ያገኘውን አመሰቃቅሎ ውድ ነገሮችን ይዞ ስለወጣ ሰው አነበቡላቸው። ሁሉም ጠሉት። ቀጥሎ ቤቶቹ እየተቃጠሉ እንደነበርና ይዟቸው የወጣው ውድ ነገሮች ሕፃናት እንደነበሩ ተነገራቸው። በአፋቸው ብቻ ሳይሆን ሳያስቡት በሚወጣ ስሜታቸው ጭምር ጥላቻው ወዲያው ተገለበጠ። ስለሌላ በጎ ሥራው ቢነገራቸው ኖሮ ግን ለውጡ ያን ያህል አልነበረም።

ፊትን አይቶ የሚሰጥ ግምት እንዲህ ደካማ ከሆነ ማኅበረሰቦች ለምን ለገንዘብና ለንብረት ጉዳይ በፊት አይተማመኑም የሚለው በራሱ ግልጽ ነው። በኢትዮጵያ ገንዘብ ያዥ ወይም ዕቃ ግምጃ ቤት የሚቀጠር ሰው ምንም ያህል ፊቱ ብሩህ ቢሆን ዋስ እንዲያቀርብ ይጠየቃል፤ የዕቁብ አባል ዕጣ ደርሶት ገንዘቡን ቀድሞ ሲወስድም ዋስ ይጠራል። ዋስ የሚመሰክረው ለመልክ ሳይሆን ለዓመታት ትውውቅ ነው፤ ቢሳሳት ደግሞ ከኪሱ ይከፍላል። ይህ ጥንቃቄ ሰውየውን አለማመን አይደለም፤ ፊቱ ላይ ያልተጻፈውን ነገር ሌላ ቦታ መፈለግ ነው።

ፊትና ታማኝነት ፈጽሞ የተለያዩበት አዲስ መስክ ደግሞ የተከፈተው በሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ሶፊ ናይቲንጌልና ሃኒ ፋሪድ በ2022 ባሳተሙት ጥናት ኮምፒውተር ከብዙ ፎቶዎች ተምሮ የፈጠራቸውን፣ በዓለም ላይ የሌሉ ሰዎች ፊቶች ከእውነተኛ ሰዎች ፎቶ ጋር ቀላቅለው አቀረቡ። ተሳታፊዎቹ የትኛው እውነተኛ እንደሆነ ሲጠየቁ በትክክል የመለሱት ከመቶ 48 ያህሉን ነው፤ በዘፈቀደ ከሚገምት ሰው አልተሻሉም። ታማኝነታቸውን ከ1 እስከ 7 ባለው መለኪያ እንዲመዝኑ ሲደረግ ደግሞ እውነተኞቹ በአማካይ 4.48፣ የተፈጠሩት 4.82 አገኙ። ተመራማሪዎቹ እንደሚገምቱት ምክንያቱ የተፈጠሩት ፊቶች ለአማካዩ የቀረቡ መሆናቸው ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ጋልተን የእስረኞችን ፎቶ ሲደራርብ ያየው ያው ነገር። እንዲህ ያሉ ፊቶች ዛሬ በማኅበራዊ ሚዲያ በሐሰተኛ ስም የሚከፈቱ ገጾች ላይ ይታያሉ። ገጹን የሚከፍተው አጭበርባሪ የራሱን ፊት ማሳመር አያስፈልገውም፤ አንጎል በሰከንድ አንድ አስረኛ የሚያምነውን ፊት ከኮምፒውተር በነጻ ያገኛል።